ምዕራፍ ሰባት፦ ከክርክሩ ቀድሞ የሚደርስ ምስል

በምርጫው ዋዜማ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ገዥው ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ደግሞ ተቃዋሚው ቅንጅት ደጋፊዎቻቸውን መስቀል አደባባይ ጠሩ። በእነዚያ ሁለት ቀናት አዲስ አበባ ላይ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። አንደኛው ወገን የንብ ሥዕል ይዞ ወጣ፤ ሌላኛው ሁለት ጣቱን እያሳየ። የፓርቲዎቹን ማኒፌስቶ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ መራጭ ብዙ አልነበረም። ንቧንና ሁለቱን ጣቶች ግን ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንትም፣ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም አሳምረው ያውቋቸው ነበር።

የምርጫ ምልክት ከቅስቀሳ ማስታወቂያዎች ሁሉ አጭሩ ነው። ማንበብ የማይችል ዜጋ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚፈልገውን እንዲለይ ይረዳል፤ ሥራው ግን በዚያ አያበቃም። ንብ ሲታይ ታታሪነትና ኅብረት ይታሰባል። ሁለት ጣት ሲታይ ድል ይታሰባል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና የበራ አምፖል፣ ኢዜማ ደግሞ ሚዛን ይዘው ሲቀርቡም ነገሩ ያው ነው፤ ብርሃንን የሚጠላ፣ ፍትሕን የሚጠላ የለም። «ንብ ታታሪ ናት፤ ስለዚህ እኛም ታታሪዎች ነን» ብሎ የተከራከረ ፓርቲ የለም። ክርክሩን መራጩ ራሱ በልቡ ጀምሮ በልቡ ጨርሶታል።

በዚህ ምዕራፍ ለማሳየት የምሞክረውም ይህንኑ ነው። የተዋጣለት የፖለቲካ ማስታወቂያ ለተመልካቹ አዲስ ሐሳብ አይሰጠውም። በውስጡ አስቀድሞ ያለውን ፍርሃት፣ ተስፋ፣ ቂም ወይም ኩራት ይነካና መደምደሚያውን ለእሱ ይተውለታል። ሰው ሌላው የነገረውን ይጠራጠራል፤ ራሱ የደረሰበትን ግን አይጠራጠርም። የማስታወቂያው ኃይልም፣ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ጥበቡ ወደተደራጀባቸው አገሮች እንሂድና ጥቂት ማስታወቂያዎችን ፈታተን እንመልከት። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተያይተው የማያውቁ ጠያቂና መላሽ

በ1952 አሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ስትዘጋጅ ቴሌቪዥን ገና ወደ ቤት መግባት የጀመረ ዕቃ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፖለቲከኞች የአየር ሰዓት ሲገዙ ግማሽ ሰዓት ይገዙና ንግግር ያደርጉ ነበር። በሸቀጥ ማስታወቂያ ስሙን የተከለው ሮሰር ሪቭስ ግን ለሪፐብሊካኑ እጩ ለጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር ሌላ ሐሳብ አቀረበ፦ ንግግሩን ተዉት፤ ሰው በሚወዳቸው ዝግጅቶች መካከል የሚገቡ የ20 ሰከንድ መልእክቶች እንሥራ።

መልእክቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። አንድ ተራ ዜጋ ይታያል፤ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ኮርያ ጦርነት ይጠይቃል። ወዲያው ጄኔራሉ ይታያሉ፤ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልሳሉ። ተመልካቹ የሚያየው ታላቁ የጦር መሪ ጊዜ ሰጥተው የአንዲትን የቤት እመቤት ጭንቀት ሲያዳምጡ ነው።

እንዲህ ያለ ውይይት ግን አልተደረገም። አይዘንሃወር 40 ያህሉን መልስ በአንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጹ፤ ቃሉን ያነበቡትም መነጽራቸውን ሳያደርጉ እንዲታያቸው በትልልቁ ከተጻፈ ካርቶን ላይ ነው። ጠያቂዎቹ ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክ የሚገኘውን ሬዲዮ ሲቲ ሙዚክ ሆል ሊጎበኙ ከመጡ ሰዎች መካከል ተመርጠው ለብቻቸው ተቀረጹ። መልሱ ቀድሞ ተገኘ፤ ጥያቄው ኋላ ተፈለገለት።

ያም ሆኖ ተመልካቹ ውይይት አየ። ሁለት ምስሎች ተከታትለው ከመጡ አእምሯችን በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ሳንነግረው ይሞላዋል። የፊልም ኤዲተር የሚኖረው በዚህ ጠባያችን ነው፤ ከ1952 ወዲህ የቅስቀሳ ባለሙያም እንዲሁ። ተፎካካሪው አድላይ ስቲቨንሰን አገር መሪን እንደ ቁርስ እህል መሸጥ ነውር ነው ብለው ተቃወሙ። ምርጫውን ተሸነፉ፤ ዘዴው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምርጫ ሜዳ አልወጣም።

ሕፃኗና ቆጠራው

መስከረም 7 ቀን 1964 ሰኞ ማታ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ፊልም ሲታይ በመካከሉ የ60 ሰከንድ ማስታወቂያ ገባ። የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የቅስቀሳ ቡድን፣ ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት እና ቶኒ ሽዋርትዝ የተባለ የድምፅ ባለሙያ የሠሩት ነው። የፖለቲካ ማስታወቂያን የሚያጠኑ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያነሱት ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

መስክ ነው። የወፎች ድምፅ ይሰማል። አንዲት ትንሽ ልጅ ነጭ አበባ ይዛ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየቀነጠበች ትቆጥራለች። አምስት ድረስ ደኅና ሄደች፤ ከዚያ ሰባትን ከስድስት አስቀደመች፤ ስድስትን ደገመች፤ እንደምንም ዘጠኝ ደረሰች። በዚህ ጊዜ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ፣ ስሜት የሌለው፣ ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ሻካራ ድምፅ፣ ከአሥር ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። ልጅቷ ቀና ትላለች፤ ምስሉ እዚያው ቀጥ ይላል። ካሜራው ወደ ፊቷ፣ ከዚያ ወደ ዓይኗ፣ ከዚያ ወደ ዓይኗ ብሌን እየቀረበ ይሄዳል። ቆጣሪው ዜሮ ሲል ጥቁሩ ብሌን ማያውን ሞልቶታል፤ በዚያ ጥቁር ውስጥ የኒውክሌር ፍንዳታ ይበራል። እሳቱ እየተንከባለለ የጆንሰን ድምፅ ይሰማል፤ የእግዚአብሔር ልጆች ሁሉ የሚኖሩባት ዓለም ወይም ጨለማ፣ ምርጫችሁ ይህ ነው የሚል ትርጉም ያለው ንግግር። መጨረሻ ላይ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ይመጣና ተራኪው ኅዳር 3 ቀን ወጥታችሁ ጆንሰንን ምረጡ፣ ቤት ለመቅረት ጉዳዩ እጅግ ከባድ ነው ይላል።

የተፎካካሪው የባሪ ጎልድዋተር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም፤ ፎቶግራፉም አልታየም። ታዲያ ተመልካቹ እንዴት ስለ እሱ መሆኑን አወቀ? የኒውክሌር ጦርነትን መፍራት ማስታወቂያው አላስተማረውም። የኩባ ሚሳይል ቀውስ ገና የሁለት ዓመት ትዝታ ነበር። የአሜሪካ ተማሪዎች ቦምብ ቢወድቅ ጠረጴዛ ሥር እንዴት እንደሚደበቁ እየተለማመዱ ያደጉበት ዘመን ነው። ጎልድዋተር በ1963 የኒውክሌር ሙከራን የሚገድበውን ስምምነት ተቃውሞ ድምፅ ሰጥቷል፤ ስለ አቶሚክ መሣሪያ በቀላሉ የሚናገር ሰው በመሆኑም ጋዜጦች ይዘውታል። ይህ ሁሉ በተመልካቹ ራስ ውስጥ ተቀምጧል። ማስታወቂያው ክብሪቱን ብቻ ጫረ።

ሽዋርትዝ ኋላ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አሠራር በግልጽ ጽፎታል። ባለሙያው መልእክት ወደ ሰው አእምሮ ለመክተት መድከም የለበትም፤ ሰውየው አስቀድሞ ያከማቸውን ስሜት የሚያስተጋባ ድምፅና ምስል ማግኘት ይበቃዋል፤ ይህ ነበር እምነቱ።

የልጅቷ የቆጠራ ስሕተትም የሚናገረው ነገር አለ። በትክክል ብትቆጥር ኖሮ የምትተውን ልጅ ትመስል ነበር። ስትሳሳት ግን እውነተኛ ትሆናለች፤ የራሳችንን ልጅ ትመስላለች፤ ወላጅ የሆነ ሁሉ ፈገግ ብሎ ልቡን ይከፍታል። ሁለተኛው ቆጠራ የሚገባው በዚያ በተከፈተ ልብ ነው። የሕፃንና የወታደር ቆጠራ ጎን ለጎን ሲሰሙ ማንም ሳያብራራ ትርጉም ይሰጣሉ፦ ያኛው ሰው ከተመረጠ ይህች ልጅ አታድግም።

ማስታወቂያው ገንዘብ ተከፍሎበት የታየው ያን ማታ ብቻ ነው። ሪፐብሊካኖቹ በቁጣ ተቃወሙ፤ የዜና ማሰራጫዎች ጭቅጭቁን ሲዘግቡ ማስታወቂያውን መልሰው በነፃ አሳዩት። ኅዳር ላይ ጆንሰን ከ61 ከመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው በ44 ግዛቶች አሸነፉ። ድሉን ያመጣው ማስታወቂያው ነው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ጆንሰን አስቀድመውም በሰፊው ይመሩ ነበር። ያደረገው ነገር ጎልድዋተር ሊያነሳቸው የፈለጋቸውን ጉዳዮች ትቶ ጦረኛ አለመሆኑን ሲያስረዳ እንዲከርም ማስገደድ ነው።

ማስታወቂያው በጥበቡ ድንቅ፣ በፍትሑ ጎደሎ ነው። በግልጽ የተነገረ ክስ ማስተባበያ ሊቀርብበት ይችላል። ያልተነገረ ክስን ግን ማን ያስተባብላል? ጎልድዋተር «የኒውክሌር ጦርነት አልጀምርም» ባለ ቁጥር ፍርሃቱን እንደገና ያስታውሳል። ታሪኩ ደግሞ የሚያሳዝን ቀሪ አለው። የሰላም ሰው ሆነው የተመረጡት ጆንሰን በመጋቢት 1965 የባሕር ኃይል ወታደሮችን ዳናንግ አሳረፉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቬትናም ውስጥ የነበረው የአሜሪካ ጦር 184,000 ደርሶ ነበር። በማስታወቂያው ውስጥ ስለ ቬትናም አንድም ቃል አልነበረም።

እውነተኛ ቁጥር፣ የተመረጠ እውነት

ፍርሃት አንዱ መንገድ ነው፤ ተስፋ ሌላው። በ1984 ሮናልድ ሬገን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ ሃል ራይኒ የጻፈውና በራሱ ለስላሳ ድምፅ የተረከው የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ በአሜሪካ እንደገና ነግቷል ይላል። ጀልባ በማለዳ ወደብ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ሰዎች ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ቤተሰብ አዲስ ቤት ይገባል፤ ሙሽሮች ይሳማሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። ቀለሙ የጠዋት ፀሐይ ቀለም ነው። ሬገን የሚታዩት መጨረሻ ላይ በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ተፎካካሪያቸው ዋልተር ሞንዴል ጭራሽ የሉም።

ይህ ማስታወቂያ ውሸት አልተናገረም። ወለድ በ1980 ከነበረበት ጣሪያ በግማሽ ገደማ ወርዷል ይላል፤ እውነት ነው። የዋጋ ግሽበት ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች ነው ይላል፤ እሱም እውነት ነው። ዛሬ በአገሪቱ ታሪክ ታይቶ በማይታወቅ ቁጥር ብዙ ሰው ወደ ሥራ ይሄዳል ይላል። እዚህች ላይ እንቁም።

የአሜሪካ ሕዝብ በየዓመቱ ይጨምራል። ሕዝብ ሲጨምር የሠራተኛውም ብዛት ይጨምራል፤ ስለዚህ ይህን ዓረፍተ ነገር ክፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ባልደረሰበት ዓመት ሁሉ የትኛውም ፕሬዚዳንት ሊናገረው ይችላል። ሥራ ፈላጊው ሥራ አገኘ ወይ የሚለውን የሚመልሰው የሥራ አጦች መጠን ነው። እሱ ደግሞ በ1982 መጨረሻ ከ10 ከመቶ አልፎ ወጥቶ ከወረደ በኋላ በ1984 መከር ላይ የነበረው 7 ከመቶ በላይ ነው፤ ሬገን በተመረጡበት በ1980 መከርም እንዲሁ 7 ከመቶ በላይ ነበር። የመንግሥት የበጀት ጉድለት በእነዚያ አራት ዓመታት ከእጥፍ በላይ አድጓል። እነዚህ ቁጥሮችም እውነት ናቸው፤ ማስታወቂያው ውስጥ ግን ቦታ አላገኙም።

ሬገን በ49 ግዛቶች አሸነፉ። ያሸነፉት ኑሮው ከ1982 ጋር ሲነጻጸር በርግጥ ስለተሻሻለ ነው፤ ማስታወቂያው ለተሰማው እፎይታ መልክና ዜማ ሰጠው። ቁጥር በሙዚቃና በሙሽራ ምስል ታጅቦ ሲመጣ እንደ ማስረጃ መመርመሩ ይቀርና እንደ ስሜት ይዋጣል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፦ ቁጥር ሲነገርዎ ከምን ጋር፣ ከመቼ ጋር እንደተነጻጸረ ይጠይቁ።

ጆሮ አንድ ሲሰማ ዓይን ሌላ ሲያነብ

የተፎካካሪን ስም ለማጉደፍ የሚሠራ ማስታወቂያ የራሱ ደንብ አለው። የተቃዋሚው ምስል ቀለሙ ይወጣለትና ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ዓይኑን ሲጨፍን ወይም አፉን ሲያጣምም የተነሳ ፎቶግራፍ ይፈለግለታል። እንቅስቃሴው እንዲዘገይ ይደረጋል፤ የዘገየ እንቅስቃሴ ተራውን ሰው አንድ ነገር የሚደብቅ ያስመስለዋል። ከጋዜጣ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ጎልቶ ይታያል። ማጀቢያው ወፍራምና ከባድ ነው። ከዚያ በድንገት ቀለም ይመለሳል፤ የራስ እጩ እጅጌውን ሰብስቦ ከቤተሰቡ ጋር ወይም ከሠራተኞች መካከል ይታያል።

በ1988 የአባትየው የጆርጅ ቡሽ የቅስቀሳ ቡድን በተፎካካሪያቸው በማሳቹሴትስ ገዥ በማይክል ዱካኪስ ላይ ያወጣው ማስታወቂያ የዚህ አሠራር ምሳሌ ነው። ጥቁርና ነጭ በሆነ ምስል እስረኞች በተራ በሚሽከረከር በር ይገባሉ፤ በዚያው ይወጣሉ። ተራኪው የዱካኪስ ፖሊሲ ይቅርታ ለማይገባቸው፣ በመጀመሪያ ደረጃ ነፍስ ግድያ ለተፈረደባቸው ሰዎች የሳምንት መጨረሻ ፈቃድ ይሰጥ እንደነበር ይናገራል፤ ብዙዎቹ በፈቃዱ ላይ ሳሉ ሌላ ወንጀል ሠሩ ይላል። በዚህ መካከል ማያው ላይ «268 አመለጡ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

የሰማነውንና ያነበብነውን አብረን ስናስቀምጠው 268 ነፍሰ ገዳዮች አመለጡ ማለት ይሆናል። ይህንን ግን ተራኪውም አላለም፤ ጽሑፉም አላለም። 268ቱ በተለያየ ወንጀል የታሰሩ፣ በበርካታ ዓመታት ውስጥ ከፈቃድ ያልተመለሱ እስረኞች ድምር ናቸው። የኮሙኒኬሽን ምሁር ካትሊን ሆል ጄሚሰን እንዳሳየችው ከእነዚህ መካከል በመጀመሪያ ደረጃ ነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው 4 ብቻ ነበሩ። ውሸቱን የሠራው ተመልካቹ ነው፤ እቃውን ያቀበለው ደግሞ ኤዲተሩ።

በዚያው ዘመቻ ከቡሽ ቡድን ውጪ የሆነ ደጋፊ ማኅበር ከፈቃድ ያልተመለሰውን እስረኛ የዊሊ ሆርተንን የፖሊስ ፎቶግራፍ በቴሌቪዥን አሳየ። ሆርተን ጥቁር ነው፤ ጥቃት የፈጸመባቸው ጥንዶች ነጮች ናቸው። ትረካው ስለ ዘር ምንም አልተናገረም፤ ፎቶግራፉ ተናገረ። አፍ ሊደፍረው የማይችለውን ጥላቻ ምስል ያለ ተጠያቂነት ሊናገረው መቻሉ ከዚህ ጥበብ ገጽታዎች ሁሉ አስከፊው ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ለቴሌቪዥን የፖለቲካ ማስታወቂያ መክፈልን ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ ትግሉ በፖስተር ላይ ይበረታል። በ1978 ሳቺ ኤንድ ሳቺ የተባለው ድርጅት ለወግ አጥባቂው ፓርቲ በሠራው ፖስተር ላይ ረጅም የሥራ አጦች ሰልፍ እንደ እባብ ተጠማዞ ይታያል። ገዥው የሠራተኞች ፓርቲ እየሠራ አይደለም የሚል ጽሑፍ አለበት። ሰልፈኞቹ ግን ሥራ አጦች አልነበሩም። የራሱ የፓርቲው ወጣት አባላት ናቸው፤ የተጠሩት ሁሉ ሳይመጡ ስለቀሩ ጥቂቶቹ ተደጋግመው ተነሥተው ረጅም ሰልፍ እንዲመስሉ ተደረገ። ማርጋሬት ታቸር በ1979 አሸነፉ። በሦስት ዓመት ውስጥ የአገሪቱ ሥራ አጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ፖስተሩ ሲለጠፍ ከነበረው እጥፍ ገደማ።

አሥራ አምስት ደቂቃ በቺሌ

እስካሁን ያየነው ይህ ጥበብ ለማታለል ብቻ የተፈጠረ ሊያስመስል ይችላል። እውነትንም ማገልገል እንደሚችል የቺሌ ታሪክ ይመሰክራል።

ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ በመስከረም 1973 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው እስከ 1988 ለ15 ዓመት ገዝተው ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ ወይም የደረሱበት ጠፋ፤ በዐሥር ሺዎች ተሰቃዩ። በ1988 ሕዝቡ ተጨማሪ ስምንት ዓመት ይግዙ ወይስ አይግዙ በሚለው ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠራ። ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት 27 ቀናት ለሁለቱም ወገን በየቀኑ 15 ደቂቃ የቴሌቪዥን ጊዜ ተሰጠ። ለተቃዋሚው ወገን ከዓመታት ዝምታ በኋላ የተገኘች የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ናት።

ግፍ የበዛበት ሕዝብ ይህን ዕድል ሲያገኝ የሚያምረው ግፉን መዘርዘር ነው። የቅስቀሳው ባለሙያዎች ያጠኑት ግን ሌላ ነገር ነገራቸው፦ ሕዝቡ ግፉን ያውቀዋል፤ የጎደለው ድፍረትና ድምፄ ለውጥ ያመጣል የሚል እምነት ነው። ሬሳና እስር ቤት ብቻ ብናሳየው ፍርሃቱን እናድሰዋለን። ስለዚህ ቀስተ ደመናን ምልክታቸው አደረጉ፤ 17 ያህል የተለያዩ ፓርቲዎች በአንድ ጥላ ሥር መሆናቸውንም፣ ከዝናብ በኋላ ብሩህ ቀን መኖሩንም ይናገራል። መፈክራቸው ደስታ እየመጣ ነው የሚል ሆነ። ዘፈን፣ ቀልድ፣ ጭፈራ፣ የሚስቁ ወጣቶች ማያውን ሞሉት።

ግፉን ግን አልደበቁትም። ኩዌካ የቺሌ ባህላዊ የጥንድ ጭፈራ ነው፤ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው የጠፉባቸው ሴቶች ለብቻቸው ጨፈሩት። ጥንዱ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ተራኪ አላስፈለገም። ሌላ ቀን አንዲት እናት ቀርበው ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ከቤታቸው ተወስደው እንደተሰቃዩ በረጋ ድምፅ ተናገሩ። ንግግራቸውን ሲጨርሱ አጠገባቸው ካርሎስ ካስሴሊ ታየ። የኮሎ ኮሎና የብሔራዊ ቡድኑ አጥቂ የነበረ፣ አገር የሚያውቀው ተጫዋች ነው። እኚህ ሴት እናቴ ናቸው አለ። የእግር ኳስ ወዳጅ የሆነ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ግፉን ከቤተሰብ እንደሰማ ያህል ሰማው።

የፒኖቼ ወገን የበረታው በማስፈራራት ላይ ነበር፤ ከ1973 በፊት የነበሩትን ሰልፎችና ሁከት እያሳየ ወደዚያ ትመለሳላችሁ አለ። ጥቅምት 5 ቀን 1988 ወደ 56 ከመቶ የሚጠጋው ድምፅ ሰጪ «አይሆንም» አለ። ድሉ የማስታወቂያ ብቻ አልነበረም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞሩ ያስመዘገቡ፣ በየጣቢያው ቆመው ድምፅ በትይዩ የቆጠሩ ዜጎች ባይኖሩ ዘፈኑ ዘፈን ሆኖ ይቀር ነበር።

የቺሌውን ከአበባዋ ማስታወቂያ የሚለየው ምንድን ነው? ሁለቱም የሰውን ልብ ነክተዋል። የቺሌዎቹ ግን የደረሰን ነገር፣ የደረሰበት ሰው ፊቱን እያሳየ መሰከረው። ማስታወቂያን የምመዝነው በዚህ ነው፦ ያስነሣው ስሜት ከእውነቱ ጋር ልክ ነው ወይ?

በርግጥ ያሳምናል?

ተመራማሪዎች የደረሱበት መልስ ብዙዎችን ያስገርማል። በ2006 የቴክሳስ አገረ ገዥ ምርጫ ላይ ተመራማሪዎች ከአንድ እጩ የቅስቀሳ ቡድን ጋር ተስማምተው ማስታወቂያው በየትኛው አካባቢ መቼ እንደሚታይ በዕጣ ወሰኑ። ማስታወቂያው በታየበት ሰሞን የእጩው ድጋፍ በግልጽ ጨመረ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ጭማሪው ተነነ። በ2018 ጆሹዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን 49 የመስክ ሙከራዎችን አሰባስበው ሲመዝኑ በአጠቃላይ ምርጫ ወቅት ቅስቀሳ የሰውን ምርጫ የማስቀየር ኃይሉ በአማካይ ለዜሮ የቀረበ ሆኖ አገኙት። የራሱ ፓርቲ ያለውን ሰው ማስታወቂያ ከፓርቲው አያስኮበልለውም።

ታዲያ ለምን ያን ያህል ገንዘብ ይፈስበታል? አንደኛ፣ ብዙ ምርጫ የሚወሰነው በጠባብ ልዩነት ነው። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያ የራስን ደጋፊ ከቤት ያስወጣል፤ የተቃዋሚን ደጋፊ ተስፋ አስቆርጦ ቤት ለማስቀረት ይሞክራል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ምርጫው ስለ ምን እንደሆነ ይወስናል። ቴድ ብሬደር በማሳቹሴትስ ባደረገው ሙከራ የማስታወቂያውን ቃል ሳይነካ ሙዚቃውንና ምስሉን ብቻ ቀያየረ። ደስ የሚያሰኘው ቅንብር ሰው አስቀድሞ በያዘው አቋም እንዲጸና አደረገው፤ የሚያስፈራው ቅንብር ደግሞ አቋሙን እንዲያጤንና ለመቀየር ክፍት እንዲሆን። ቃሉ አንድ ነው፤ ውጤቱ ተለያየ።

መልክም የራሱ ድርሻ አለው። በ2005 የታተመው የአሌክሳንደር ቶዶሮቭና የባልደረቦቹ ጥናት የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እጩዎችን ፎቶግራፍ ለማያውቋቸው ሰዎች ለአንድ ሰከንድ ብቻ አሳየ፤ የትኛው ብቁ ይመስላል ብሎ ጠየቀ። ብቁ ይመስላል የተባለው ከ10 ውድድር በ7ቱ ገደማ አሸናፊ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሰከንድ ስለ ግብር ፖሊሲ የሚታወቅ ነገር የለም።

የመራጩ ጋሻ

ዛሬ ማስታወቂያ ቴሌቪዥን አይጠብቅም። በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም እጃችን ላይ ይደርሳል፤ ለእኔ የሚመጣው ለጎረቤቴ ላይመጣ ይችላል። በጥር 2024 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት መራጮች የፕሬዚዳንት ባይደንን ድምፅ የሚመስል፣ በቅድመ ምርጫው ድምፅ እንዳይሰጡ የሚመክር የስልክ መልእክት ደረሳቸው። ድምፁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነበር። ድሮ የሥራ አጥ ሰልፍ ለመፍጠር ወጣቶችን መጥራት ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ማንንም መጥራት አያስፈልግም።

ስለዚህ በአዲስ አበባም፣ በቨርጂኒያም፣ በእስራኤልም ሆነው ድምፅ የሚሰጡ አንባቢዎች ልማድ ያደርጉት ዘንድ የምመክረው አንድ አሠራር አለ። የቅስቀሳ ቪዲዮ ሲደርስዎ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ይዩት፤ ምስሉ ብቻውን ምን እያለ ነው? ማንን አስፈሪ፣ ማንን አባት አስመስሏል? ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጡት፤ ሙዚቃው ሲቀነስ የቀረው ቃል ምን ማስረጃ አለው? ቀጥሎ ማስታወቂያው ያልተናገረውን፣ እርስዎ ግን የደመደሙትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ይጻፉት። ያንን ዓረፍተ ነገር እጩው በአደባባይ በራሱ አፍ ሊናገረው ይደፍራል? ካልደፈረ፣ እርስዎም አይመኑት። መጨረሻ ላይ ማን እንደከፈለበት ይጠይቁ፤ ከፋዩ የማይታወቅ መልእክት ለማንም አያስተላልፉ።

ይህ ሁሉ ስሜትን ለመግደል አይደለም። አገሩን የሚወድ ሰው ሲመርጥ ይፈራል፣ ይቆጣል፣ ተስፋ ያደርጋል፤ ይገባዋልም። ፍርሃቱም ተስፋውም የራሱ መሆን አለበት፤ በሠላሳ ሰከንድ የተቀመመለት መሆን የለበትም። ድምፅዎን ከመስጠትዎ በፊት የእጩዎን ፕሮግራም ያንብቡ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትዎም ያንብቡለት።